ትኩሳት ያለው ላፕቶፕ

የልጅቷ ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ከተነቀለ ዕድሜው አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። የሥራ መቀጠሪያው ፈተና ደግሞ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የሕንጻ ንድፍ ቢሮው «የየራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ፤ አዳራሹ ውስጥ ሶኬት የለም» ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ንድፍ መሥራትን ማንም አላስተማራትም፤ ብቻዋን ከስክሪን ላይ ለቃቅማ ነው የተማረችው። ይህ በር ከተዘጋ ሌላ በር የሚያንኳኳላት ዘመድ የላትም።

አባቷ አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ለድሮ ባልደረቦቹ ሁለት ሳምንት ሲደውል ሰነበተና፣ ለፈተናው አራት ቀን ሲቀር አንደኛው አዲስ የላፕቶፕ ባትሪ ጋቢናው ውስጥ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አመጣለት።

አባቷ በስልኩ መብራት እያበራላት ብሎኖቹን ፈትታ ባትሪውን ገጠመችው። ከዚያ አልጋዋ ላይ ወጣች፤ ላፕቶፑን እንደ ልማዷ ብርድ ልብሱ ላይ አመቻችታ ሰካችና አዋጅ አወጀች።

«አዲስ ባትሪ ሕግ አለው። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ ይቆያል። ከዚያ ድርግም ብሎ እስኪጠፋ ይሠራበታል። ሦስት ጊዜ!»

«ማነው ያለው?»

«አንብቤ ነዋ!»

«ባትሪ ባዶ ሆዱን አያድርም፣ ልጄ። ማን ይናገር የነበረ።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የጭነት መኪና አይደለም። ውሃ ልጨምርበት እንዴ?»

ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ እጁን ከላፕቶፑ ሥር ሲሰድ ግን ሳቁ ቆመ። «ይሄ ነገር ትኩሳት አለው።»

«ኮምፒውተር ይሞቃል። ተፈጥሮው ነው።»

ወጣና ከተሰበረ ቁም ሳጥን የተረፈች ሳንቃ ይዞ ተመለሰ። «እዚህ ላይ አድርጊው። እኛ ባትሪ ሲሚንቶ ላይ እንኳ አናሳርፍም ነበር።»

«ላፕቶፕ ሲሚንቶ ይፈራል?» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ቆይ፣ መመሪያውን ላንብብልህና ቁርጥህን እወቅ።»

ከካርቶኑ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አወጣች። ፊደሎቹ የጉንዳን እግር ያክላሉ፤ አባቷ መነጽር ቢደራርብም አያያቸውም።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ረጅም ሰዓት ማቆየት አያስፈልግም...» ድምፅዋ ሰለለ። ቀጣዩን መስመር በዓይኗ ቀደመችው። ባትሪውን ባዶ እስኪሆን ማድረስም ሆነ ሁልጊዜ ጢም አድርጎ መሙላት ዕድሜውን ያሳጥራል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አይጠቀሙ፤ የአየር መውጫው ይደፈናል፤ ሙቀት ባትሪውን ይገድለዋል።

የድሮውን ባትሪ አፍና የገደለችው ራሷ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን የረገመችው ላፕቶፑን የሸጠላትን ሰው ነው።

መስመሩን መዝለል ትችል ነበር። ማን ያያል? አባቷ አገጩን በመዳፉ ደግፎ እንደ ተማሪ ይጠብቃታል። ሁለት ሳምንት በስልክ ሲለምን የከረመ ሰው። ጉሮሮዋን ጠረገችና አንድ ቃል ሳትውጥ ሁሉንም አነበበችለት፤ «ብርድ ልብስ» የምትለዋን እንዲያውም ሁለት ጊዜ።

«አሃ» አለና ሳንቃዋን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ስለ ሲሚንቶስ?»

«ስለ ሲሚንቶ ምንም አይልም።»

«እንግዲህ ገና አልደረሱበትም ማለት ነው።»

አራቱንም ቀን ሳንቃዋ ላይ ሠራች። ሃያ በመቶ ሲደርስ ትሰካዋለች፤ ሰማንያ አካባቢ ሲደርስ አባቷ ሰዓቱን አይቶ ከጓዳ «ይበቃዋል፣ አታጨናንቂው!» ይላል። የፈተናው ዕለት ጠዋት ብቻ ጢም አድርጋ ሞላችው።

አዳራሹ ውስጥ፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ፣ ከጎኗ የነበረው ጎልማሳ ስክሪን ጨለመ። ሰውየው ጭንቅላቱን ያዘ። እሷም ሰርቃ ወደ ራሷ ስክሪን ጥግ አየች። አርባ ስምንት በመቶ። ደረጃዎቹን ሣለች፣ የተሳሳተ መስኮት አጥፍታ እንደገና ሣለች። ሰዓቱ ሲያልቅ ፈታኟ ሥራዋን ከላይ እስከ ታች አየችና «ሰኞ ጠዋት ነይ፤ ጠረጴዛ እናዘጋጅልሻለን» አለቻት።

አባቷ ከመንገዱ ማዶ ግንብ ተደግፎ ይጠብቃል። ስለ ፈተናው አልጠየቃትም።

«ስንት ተረፈ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ቤት ያደርሳል» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ምላሷ ለመልስ ምት እንጂ ለምስጋና አልተገራም።

«አባዬ፣ ሰኞ ሥራ ልጀምር ነው» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ። ለባትሪውም፣ ለሳንቃዋም። ያን ያህል ስስቅብህ ስለቻልከኝም።»

አባቷ የሚያልፉትን መኪናዎች የሚያይ መስሎ ፊቱን አዞረ።

«ኧረ ተይ» አለ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፣ «ሰው ይሰማናል።»