ሰገደች፣ አልሰገደችም

ጋሽ ጊቴክ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል። ያነበቡት ግን ሊያምኑበት ሳይሆን ሊዋጉበት ነው። ከርዕሰ መምህርነት ጡረታ በወጡበት ዓመት፣ በበረዶው ወራት፣ ከሥሩ እሳት በሚነድበት የሞቀ ወለል ላይ ጋደም ብለው ቀይ እርሳስ ይዘው ጀመሩት፤ የወንዙ በረዶ ሲቀልጥ ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ የናም ዘር በሚኖርበት በዚያ የአንዶንግ ገጠር፣ ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው እሳቸው ባሉበት መንገድ ማለፍ ይፈራል።

«ፓስተር፣» ይሉታል ወጣቱን ፓስተር ኦምን አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ይዘው። «ኤልሳዕን ልጆች መላጣ ቢሉት በድብ አስበላቸው ይላል መጽሐፍህ። እኔም ይኸው መላጣ ነኝ፤ የመንደሩ ውሪ ሁሉ ይሰድበኛል። የእኔ ድብ የታለ?»

ሰው ይስቃል። ፓስተሩም አብሮ ይስቃል።

ሶኖክ አትስቅም። ሶኖክ የወንድማቸው ልጅ ሚስት፣ የዘሩ ታላቅ ቤት ምራት ናት። ስድስት ዓመት ሆናት ከተጠመቀች። ባሏ በሕይወት ሳለ ነገሩን ተካፍለውት ነበር፤ ለአያቶች የሚቀርበውን ማዕድ እሷ ታበስላለች፣ በማዕዱ ፊት መስገዱን እሱ ይሰግዳል፣ ዘመድም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አምና ባሏ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና አማቷ እማማ ማልሱን ብቻ ናቸው።

ለአያቶች ማዕድ የሚቀርብበት የመከሩ በዓል ሊደርስ ሲል ጋሽ ጊቴክ መጡ። ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ገቡና ነገሩን ሳያዞሩ ጀመሩ።

«ምራቴ፣ ዘንድሮ ሁለተኛውን ዋንጫ አቅርበሽ የምትሰግጂው አንቺ ነሽ። የታላቅ ቤት ሴት ያልሰገደችበት ማዕድ የውሻ እራት ነው።»

«አበስላለሁ፣ ጋሼ። መስገዱን ግን ይተዉኝ።»

«አልተውሽም። ደግሞ በራስሽ መጽሐፍ ነው የምይዝሽ።» ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ይዘውት የመጡትን መጽሐፍ ቅዱስ ገለጡ። «ናእማንን ታውቂዋለሽ? ከለምጹ የዳነው የሶርያ ጦር አለቃ። ከእንግዲህ ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም አልሰዋም አለ። ወዲያው ደግሞ ምን አለ? ንጉሤ ወደ ጣዖቱ ቤት ሲገባ ክንዴን ይደገፋል፣ እኔም አብሬው እሰግዳለሁ፣ ለዚህ ይቅር ይበለኝ አለ። ያ ድብ ጠሪ ነቢይሽስ ምን መለሰለት? በሰላም ሂድ! አልተቆጣ፣ አልረገመ። ታዲያ ለናእማን የተፈቀደ ላንቺ ለምን ይከለከላል? አንቺ ከናእማን ትበልጫለሽ?»

ሶኖክ ደሟ ፈላ፤ ዓይኗን ግን ከተገለጠው ገጽ ላይ አላነሣችም።

«እንግዲህ አስቢበት። ካልሰገድሽ የአያቶቹን የስም ጣውላዎች ወደ እኔ ቤት እወስዳለሁ። የወንድሜ ጣውላ ከሄደ ደግሞ ሚስቱ ትከተላለች። እትዬ ማልሱን ባሏ ወዳለበት ነው የምትሄደው። አንቺም ላም አለኝ በሰማይ እያልሽ ብቻሽን ኑሪ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ቤቱስ ይቅር፤ ቤት ቤት ነው። እማማ ማልሱን ግን እናቷ ናቸው። ሶኖክ እናት አታውቅም፤ አክስት ቤት አድጋ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደዚህ ቤት ስትገባ፣ በመጀመሪያው ብርድ እጇ ተሰነጣጠቀ። አማቷ ማንም ሳይነሣ ወንዝ ወርደው ልብሱን ያጥቡና፣ ያጠበችው ምራቴ ናት ብለው ለጎረቤት ያወሩ ነበር። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። እሷም ተናግራ አታውቅም።

ወደ ፓስተር ኦም ሄደች።

«ናእማን ገና አዲስ አማኝ ነበር፣» አላት ፓስተሩ። «ነቢዩ ለድካሙ አዘነለት።»

«እኔስ ስድስት ዓመቴ ነው። ሐዘኔታው ስንት ዓመት ድረስ ነው የሚሠራው?»

«እንደሱ እንኳ አይባልም...»

«እሺ ልስገድ ወይስ አልስገድ?»

«እህቴ፣ ጸልዪበት።»

ጸልዪበት ማለት አንዳንድ ጊዜ በሩን በትሕትና መዝጋት ነው። ሶኖክ አመስግና ወጣች፤ በመንገዷ ሁሉ ተናደደች። በፓስተሩ ተናደደች፣ በናእማን ተናደደች፣ አንድ ቃል ጨምሮ ነገሩን ባልገላገላት በኤልሳዕ ይበልጥ ተናደደች። ጎደሬ ስትልጥ ያንን ገጽ ታነባለች፤ የሩዙን ሙልሙል ጥድ ቅጠል ላይ ስትደረድር ታነባለች። ገጹ ሊጥ በሊጥ ሆነ። አማቷ ከወለሉ ለመነሣት «ልጄ» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ መጽሐፉን ታስቀምጣለች፣ ክንዷን ትሰጣለች፣ ትመለሳለች። ልጃቸው በሕይወት ሳለ በጸደይ በረዶ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ክንድ አይነሡም፣ አይቀመጡም።

የጎረቤት ሴቶች መከሯት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትባዪ። አንዴ ጎንበስ ብትዪ ወገብሽ አይሰበርም።»

«ወገቤ አይደለም የሚሰበረው፣» አለች።

በበዓሉ ጠዋት ዘመድ ሁሉ በእንጨቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ከመጋረጃው ፊት የሙታኑ ስም የተጻፈባቸው የአያቶቹ ጣውላዎች ቆመዋል። ማዕዱ ሞልቷል፤ ጎደሬው፣ የደረቀው ዓሣ፣ የፒር ፍሬው፣ ሙልሙሉ፣ ሁሉም የሶኖክ እጅ ነው። ጋሽ ጊቴክ የመጀመሪያውን ዋንጫ አቀረቡ፤ ወንዶቹ ሰገዱ። ከዚያ ዞር አሉ።

«ሁለተኛው ዋንጫ።»

ሶኖክ ከጓዳው በር አልተንቀሳቀሰችም።

«ምራቴ።»

«አልሰግድም፣ ጋሼ።»

አንዱ ሕፃን ሙልሙል ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ እናቱ መታችው።

«ናእማን ሰግዷል፣» አሉ ጋሽ ጊቴክ። «ወይስ ገጹን ቀደድሽው?»

«አልቀደድኩትም። ሸምድጄዋለሁ።»

ይህን ጊዜ እማማ ማልሱን ከተቀመጡበት ድምፃቸውን አሰሙ። «እናንተ ስትነታረኩ የባሌ ምግብ ቀዘቀዘ። እኔ ልስገድለት።»

ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። በማዕዱ ፊት ያ እጅ ሁልጊዜ የሚዘረጋው ወደ ልጃቸው ነበር፤ ልጃቸው የለም። እጁ ባዶ አየር ላይ ቆመ። የጋሽ ጊቴክ ልጅ ሊነሣ ሲል አባቱ በዓይናቸው አስቀመጡት። ጋሽ ጊቴክ ብልጥ ናቸው፤ እጁ ማንን እንደሚጠብቅ አይተዋል።

ሶኖክ አልዘገየችም። አዳራሹን አቋርጣ ክንዷን ሰጠች። አሮጊቷ ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉባት፤ ዳሌው እየተንቀጠቀጠ መውረድ ጀመሩ፣ ሶኖክም አብራ ወረደች። ጉልበቷ ወለሉን ነካ። ግንባራቸው መሬት ሲደርስ የእሷም ራስ አብሮ ወረደ። ዓይኗ ግን ማዕዱን አላየም፤ የሚያየው ያንን ነጭ፣ በጥንቃቄ የተጎነጎነ ፀጉር ብቻ ነበር። ሴት እንደምትሰግደው ደጋግመው ወረዱ፣ ተነሡ። በመጨረሻው ሶኖክ ወገባቸውን ይዛ አቆመቻቸው።

«ሰገደች!» አሉ ጋሽ ጊቴክ። ፊታቸው በራ፤ እውነትም ደስ ብሏቸው ነበር። «ሁላችሁም አይታችኋል። ጎሽ፣ ምራቴ። አለቀ። ጣውላውም፣ እትዬም፣ ቤቱም እዚሁ ይቀመጡ።»

አዳራሹ ተነፈሰ። የዘመድ ሚስቶች ከጥግ ሆነው ጠቀሷት፤ ዝም በዪ ማለታቸው ነው። ዝም ብትል ሁሉ ነገር በእርግጥ አብቅቷል። እናቷ እናቷ ሆነው ይቀራሉ፣ ሰውም ወደ ምግቡ ይሄዳል። ሶኖክ ክንዷ ላይ ያለውን የአሮጊቷን እጅ አየችው።

«አልሰገድኩም፣» አለች።

«ጉልበትሽ መሬት ነክቷል!»

«ነክቷል። እማማ እንዳይወድቁ ነው። እርሳቸው ለባላቸው ሰገዱ፤ እኔ እርሳቸውን ያዝኩ። አብረን ወረድን እንጂ አብረን አልሰገድንም።»

«እሱ እኮ ነው የናእማን ነገር! ያው ነው!»

«ያው ከሆነማ እሱም አልሰገደም። ንጉሡ በክንዱ ላይ ተደግፎ ነበር።»

ጋሽ ጊቴክ የዋዛ ሰው አይደሉም። ወዲያው ያዟት። «ካልሰገደ ይቅርታ ለምን ጠየቀ? ጥፋት የሌለበት ሰው ይቅር በለኝ ይላል?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ስትልጥም ስትጋግርም ሶኖክን ያሰቃያት እሱ ነበር።

«አላውቅም፣» አለች። «ፈልጌ አላገኘሁትም። ነቢዩ ምነው አንድ ቃል ቢጨምር ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም፣ ጋሼ። ያደረግኩትን ግን አውቃለሁ። አልሰገድኩም። ነገም አልሰግድም። እማማን ደግሞ ነገም እይዛለሁ። ናእማን ይቅርታ የጠየቀው አምላኩን ነው፤ እኔም የምጠይቀው ካለኝ እሱን ነው። እርስዎን አይደለም።»

«ሰገድሁ በዪና ሁሉንም ውሰጂ!» አሉ ጋሽ ጊቴክ። አሁን የሚለምኑት እሳቸው ነበሩ። «አንድ ቃል ነው እኮ!»

«ወይ ፍንክች።»

ጋሽ ጊቴክ ወደ ጣውላዎቹ ዞሩ። ካሉት መመለስ አይችሉም፤ በዘመድ ሁሉ ፊት ተናግረውታል። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ አንሥተው አንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተቱ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉ። የወንድማቸውን ጣውላ ከመክተታቸው በፊት በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«እትዬ፣ እንሂድ። ባልሽ ይኸው።»

እማማ ማልሱን ሣጥኑን አዩት። ባላቸው ከሞተ ወዲህ በየጠዋቱ ውሃ ያቀረቡለት ጣውላ ነው። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«ውሰደው። እሱ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል፣» አሉ። «እኔን አንተ ቤት ማን ይይዘኛል? የአንተ ምራት? እሷማ ስግደቷን ልታሳምር ስትል እኔን ትጥለኛለች።»

«እትዬ፣ ይህች ልጅ አያቶቻችንን የካደች ናት!»

«ይሁና። እኔን አልካደችኝም። እኔ ገና አያት አልሆንኩም፤ በሕይወት ነኝ።»

የሣቀ አልነበረም። ጋሽ ጊቴክ ሣጥኑን አቅፈው ወደ ውጭ በር ሄዱ፤ ዘመዱም ምግቡን ሳይቀምስ ጫማውን እየፈለገ ተከተላቸው። አሮጊቷ የሶኖክን ክንድ ይዘው እስከ ደጃፉ ተጎተቱ። ሣጥኑ ከበሩ ሊወጣ ሲል «አንዴ ቆም በል፣» አሉ።

ጋሽ ጊቴክ ዞሩ።

አሮጊቷ እዚያው ግቢው አፈር ላይ መውረድ ጀመሩ፣ የመጨረሻውን ስግደት ለባላቸው ሊሰግዱ። ሶኖክም ክንዷን ሰጥታ አብራቸው ወረደች። የበዓል ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ አፈር ሆነ። ቀና ስትል ዓይኗ ከጋሽ ጊቴክ ዓይን ጋር ተጋጠመ፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

ዘመዱ ሁሉ ሽማግሌውን ጠበቀ። ጋሽ ጊቴክ ሣጥኑን ደረታቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩአት። ይህን ጊዜ ሰገደች አላሉም።