ስለ ሻልማሊ የጠየቁኝ ቀን

እኔ በነጻ ነገር አላምንም። ነጻ ነው ሲሉኝ ኪሴን ነው የምዳብሰው። ስለዚህ ልጄ ሻልማሊ ጆርጂያ አገር ተራራ ላይ ያለ የትግል ስፖርት ማሠልጠኛ ሁለት ወር ልሂድ፣ በቀን አራት ሰዓት እሠራላቸዋለሁ፣ እነሱ ደግሞ አልጋ፣ ምግብና ልምምድ ይሰጡኛል ስትለኝ ነገሩ አልጣመኝም።

ልጅቷ ፑኔ ከተማ ውስጥ የሶፍትዌር መሐንዲስ ናት። ደመወዟን ብነግራችሁ በከተማዬ በኮልሃፑር ያሉ ጎረቤቶቼ እንቅልፍ ያጣሉ። ታዲያ ምን ሆና ነው ለሰው ድረ ገጽ እየሠራች በዳቦ የምታድረው? ደግሞ ፎቶሽን ላኪ፣ ቁመትሽ ስንት ነው፣ ኪሎሽስ ብለዋታል። እኛ ዘንድ ይህን የሚጠይቅ ሚስት ፈላጊ ነው። ኩላሊት ፈላጊም ሊሆን ይችላል። የቤቱን ፎቶ አጉልቼ መስኮቱ ፍርግርግ እንዳለው አየሁ። ፖሊስ የሆነ የድሮ የትግል ተማሪዬን አጣራልኝ አልኩት፤ ምንም መጥፎ ነገር አላገኘም። ምንም አለመገኘቱ ራሱ ጥርጣሬዬን አባሰው።

"ባባ፣ አንተ የትግል መምህርህ፣ ቫስታድህ ቤት ሰባት ዓመት ስትኖር ማን ከፈለህ?" አለችኝ። "አፈር እየቆፈርክ፣ በአሬራና በእርድ እያቦካህ አይደል ትግል የተማርከው?"

"እሱን አገር ያውቀዋል። እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ በትግል ውድድሩ ሁለተኛ ወጣሁ፣ ባባ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የዘንድሮው ካለፈኝ አለቀልኝ። ምንጣፍ ላይ የሚጎድለኝን ደግሞ አንተ ልታሳየኝ አትችልም።"

እውነቷን ነው። እኔ የቀይ አፈር ታጋይ ነኝ፤ የምንጣፍ ትግል አላውቅም። ቢሆንም ከገዛ ልጅ አፍ ሲወጣ ያማል።

ከዚያ የማሠልጠኛው ባለቤት፣ የመጨረሻ ነገር ቀርቶናል፣ አሠልጣኝሽን እናናግር አላት። አሠልጣኟ እኔ ነኝ። የኔን ቁጥር ሰጥታ፣ ከመሥሪያ ቤቷም ፈቃድ ወስዳ፣ ደስ ብሏት መጠበቅ ያዘች።

ሲደውሉ የመታገያውን አፈር ውኃ እያጠጣሁ ነበር። የሚያስተረጉመው እዚያ ሕክምና የሚማር የኛ አገር ልጅ ነው። እኔው ቀደምኩና፣ ፓስፖርቷን ማን ይይዛል፣ ከማን ጋር ትተኛለች፣ ለምን አትከፍሏትም እያልኩ ባለቤቱን አፋጠጥኩት። ሰውዬው ሁሉንም በትዕግሥት መለሰ። እሱም በተራው፣ ይህን ያህል ደመወዝ ያላት ሰው እኛ ጋ ለዳቦ መምጣቷ እኛንም ግራ ገብቶናል አለ። ሊያስቀኝ ምንም አልቀረው።

በመጨረሻ ተርጓሚው፣ "ቫስታድ፣ ልጅቷ እንዴት ናት ይልዎታል" አለኝ።

ኮልሃፑር ውስጥ ቫስታድ ተማሪውን ሰው ፊት አያሞግስም። ሙገሳ ለሰው ዓይን ያጋልጣል፣ ወገብም ያላላል። አገር ስላንቀጠቀጠው ልጅ እንኳ ቢጠይቁን፣ ገና ነው፣ ሰነፍ ነው እንላለን፤ ሰሚውም ፈገግ ብሎ ጎበዝ መሆኑን ይረዳል። የኔው ቫስታድ እስኪሞት ድረስ እህል ፈጅ ነበር የሚለኝ።

"ሰነፍ ናት" አልኩ። "ወገቧም ገና ነው። ብዙ ይቀራታል።"

በማግስቱ ሌላ ሰው ወስደናል የሚል ደብዳቤ ጻፉላት። ሻልማሊ በአውቶቡስ መጥታ አፈሩ ዳር አጠገቤ ተቀመጠች። ጠብ ነበር የጠበቅኩት። ምን እንዳልካቸው ንገረኝ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነገርኳት። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች።

"የኛን ወግ ከየት ያውቁታል፣ ባባ። አንተማ ሁሌ የምትለውን ነው ያልከው። ቀድሜ ለነሱ አለማስረዳቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ማንንም የማላምነውን እኔን አመነችኝ። ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ያ ተርጓሚ ልጅ ቃሌን ሰምቶ ቆም ብሎ ነበር። "ቫስታድ፣ ይሄ ሰውዬ ወጋችንን አያውቅም። እንዳለ ልተርጉመው?" ብሎ ጠይቆኛል።

እንዳለ ተርጉመው አልኩት።