አሥር እርምጃ

ሰዎቹ ካርታ የሚጫወቱት የይመኙሽ መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። አራት የእድር ሰዎች ሁለት አግዳሚ ወንበር ገጥመው፣ ለሐዘኑ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንዱ ሲያሸንፍ ግን ሐዘኑን እየረሱት ይጫወታሉ። ሴቶቹ ሳሎኑን አልፈው ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ንፍሮ ያድላሉ። ይህን የምታውቀው ይመኙሽ ብቻ ናት። ሌላው ሰው የሚያየው የእድሩን ድንኳንና ድንኳኑ የተተከለበትን፣ በሁለት አጥር መካከል የተሰነቀረ ባዶ መሬት ነው።

ቤቱ ገና አልተሠራም። ሊሠራው የነበረው አላምረው ትናንት ተቀበረ።

አላምረው ግንበኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እየሰፋ ሲመጣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ለተማሪ የሚከራዩ ቤቶች ሲበዙ፣ ግማሹን የገነባው እሱ ነው ቢባል ብዙ አያጣላም። እሱና ሚስቱ ይመኙሽ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ከሰው ጓሮ ወደ ሰው ጓሮ በኪራይ ሲዞሩ ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። ከአባቱ የደረሰችው ይህች መሬት ናት፤ ርዝመቷ ደህና ነው፣ ወርዷ ግን ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቢቆምባት በር የሚከፈትበት ቦታ አይተርፍም። ከአጥሩ ወዲያ የታላቅ ወንድሙ የኃይለ ጊዮርጊስ ግቢ ነው። አላምረው በአርባ አራት ዓመቱ ለሰው ፎቅ ሲያቆም ከመወጣጫው ላይ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ከፍራሿ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከቀብሩ ጀምሮ ድንኳኑንም፣ ውኃውንም፣ ካህናቱንም ያየው እሱ ነው፤ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አላገኘም።

«ይመኙ፣ ነገ ሰልስት ነው» አላት። «ድንኳኑ ሳይነሳ ሽማግሌዎቹ ስለ መሬቷ አንድ ነገር ቢሉ ሸጋ ነው። ከእኔ ግቢ ጋር ትቀላቀልና ለተማሪ የሚከራይ ክፍል እሠራባታለሁ። ላንቺም ከኋላ በኩል አንድ ክፍል አለልሽ። ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ? ከእኛ ጋር ነው የምትኖሪ።»

«እሱ የነደፈው ቤት አለ፣ አያ ኃይሌ።»

«የቱ ቤት? ወንድሜ ሸጋ ግንበኛ ነበር፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለት። እዚህ ላይ ግን ቤት አይወጣም።»

ይመኙሽ እጇን ወደ ደረቷ ሰዳ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። በአናጢ እርሳስ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት ተሥሎበታል። ኃይለ ጊዮርጊስ ከዓይኑ አራቅ አድርጎ አነበበው።

«ወርድ፣ አሥር እርምጃ። ሜትር የለውም እንዴ?»

ተነሳና በገዛ አጥሩ ሥር ከተቀበረው የብረት ችንካር ጀምሮ ወደ ጎረቤቱ አጥር ተራመደ። ሰዎች ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ አሳለፉት። በሰባተኛው እርምጃ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጋር ተጋጨ።

«አየሽ? ሦስት እርምጃ ሰው ግቢ ይገባል» አላት። የተናገረው እያዘነ ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አመማት።

«እርምጃው ያንተ አይደለም» ልትለው ፈለገች። ግን የማን እንደሆነ ለመናገር ያን እሁድ መንገር ሊኖርባት ነው። በሳቅ ያለፈን እሁድ ለቅሶ ላይ እንዴት አድርጎ ይነገራል?

አላምረው ወራት ሙሉ እየነደፈ ያሳያት ነበር፤ እሷም ወራት ሙሉ ራሷን እየነቀነቀች ትመልስለት ነበር። «እኔ ወረቀት ላይ ቤት አይታየኝም» አለችው በመጨረሻ። ተጣሉ። በበነጋው፣ እሁድ፣ እዚህ ይዟት መጣና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«በይ ተራመጂ።»

«ምነው? ምን ልሁን ብዬ?»

«ቀኑን ሙሉ የምትመላለሺበት አንቺ አይደለሽ? ከማድ ቤት እስከ ሳሎን ስንት እርምጃ እንደሚፈጅብሽ ልወቅ እንጂ።»

ፊት ለፊቷ የኋሊት እየሄደ ቆጠረላት። መጀመሪያ አፈረች። ቆይታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ ሙሽራ ተንጎራደደችበት፤ እሱም እርሳሱን ጥሎ ሳቀ። ኮሪደር ይኑር አይኑር ሲከራከሩ ረፈደ። መሬት ይበላል ብላ አስቀረችው። ከዚያ የፊት በሩ ጋ ሲደርሱ እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«ጫማህን አውልቅ። በቤቴ ሲሚንቶ አይገባም።»

ሲሚንቶ የበላውን ጫማውን አውልቆ ባዶው መሬት ላይ አስቀመጠና በተቀደደ ካልሲው በሩ ላይ ቆመ። «ቤቶች!» አለ ጮክ ብሎ።

«ደጆች!» አለችው ከሳሎኑ። ገባ።

በዚያ የለቅሶ ቀን ማታ ሊሆን ሲል የኃይለ ጊዮርጊስ ሚስት እናኑ የሟቹን ልብስ ልታስተካክል ወደ ድንኳኑ መጣች።

«ኮቱን ለቄሱ እንስጥ። ጫማውንም ለአንዱ የቀን ሠራተኛ ብንሰጠው ነፍሱን ይምርበታል።»

«ጫማው ይቆይ» አለች ይመኙሽ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የእድሩ ዳኛ አያ በላቸው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«ቤት የሚወጣባት ከሆነ ማንም አይነካብሽም፣ ልጄ። ካልወጣባት ግን ከወንድሙ ጋር ብትቀላቀል ይሻላል። ወረቀቱ ከመሬቱ ካልገጠመ እኔ ምን ብዬ ልፍረድ?»

«እርምጃው የእኔ ነው፣ አያ በላቸው። የለካው በእኔ እርምጃ ነው።»

ድንኳኑ አጉረመረመ። «እስቲ ተነሺ» አሏት።

እናኑ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። ሁለት ቀን ሙሉ ፍራሽ ላይ ነው የቆየችው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እግሯን እየጎተተች ሄደች። ሴቶቹ ሲያዩዋት እንደ አዲስ አለቀሱ። አሥር ስትቆጥር በጎረቤቱ አጥር ሥር ላለው ለማዶው ችንካር ገና ሁለት እርምጃ ይቀራት ነበር።

ኃይለ ጊዮርጊስ ቀስ ብሎ «ተይ ይመኙ፣ ራስሽን አታድክሚ» አላት።

ይመኙሽ ወደ እግሯ ተመለከተች። ስህተቱ ያኔ ገባት። ይህ የመበለት እርምጃ ነው። አላምረው ይህን እርምጃ አልለካውም፤ አያውቀውም። የለካው ያቺን የእሁዷን ሴት ነው። ቤቱን ለማግኘት እንደዚያች ሴት መራመድ አለባት፣ ያውም በሰልስቱ፣ ሊያለቅስላት በመጣ ሰው ፊት። ነገ የሚባለው ከወዲሁ ተሰማት። ባሏን ቀብራ ሳትውል ሳታድር ተንጎራደደች ይሏታል።

ክንዷን ከእናኑ እጅ አስለቀቀች። ወደ መጀመሪያው ችንካር ተመለሰች። ነጠላዋን ከፊቷ ገፈፈች፣ ቀና አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሄደች።

«ወይ ጉድ!» አለች አንዲት ሴት። ልቅሶው ቀጥ አለ። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን እንደያዙ ቀሩ። ይመኙሽ ግን ማንንም አላየችም፤ ፊት ለፊቷ የኋሊት እየሄደ የሚቆጥርላትን ሰው ብቻ ነበር የምታየው። ስምንት። ዘጠኝ። በአሥረኛው የእግሯ ጣት ብረቱን ነካ።

አያ በላቸው ተነስተው መጡ። ጎንበስ ብለው ችንካሩን አዩ፣ እግሯን አዩ፣ ወረቀቱን አጥፈው በእጇ አስያዟት።

«ገጥሟል» አሉ። «ኃይሌ፣ የወንድምህ ቤት ይወጣል።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተነሳ። እድርተኛው ወንበሩን ቆጥሮ፣ ድስቱን አጥቦ ሄደ። እናኑ በአጥሩ ላይ ተጣራች፤ «ነይ እንጂ፣ እህል ቅመሺ።»

«መጣሁ» አለቻት።

አልሄደችም። ቤቱን አግኝታዋለች፤ አሁን ደግሞ ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚሰፋ እያየችው ነው። እንዲህ ጠበበ ተብሎ የተጣሉበት መሬት በሕይወቷ እንደዛሬ ሰፍቶባት አያውቅም። ጫማውን ከተቀመጠበት አመጣች። በየትም በኩል መግባት ትችል ነበር፣ የሚያግዳት ግድግዳ የለም። እሷ ግን ዞራ ወደ ፊት በሩ ሄደች። ሲሚንቶ የበላውን ጫማ ከደፉ ውጭ አስቀመጠች፣ የራሷንም አውልቃ ከጎኑ አደረገች።

«ቤቶች!» አለች።

ትንሽ ጠበቀችና ገባች።