ኮከብ ቆጣሪው እስኪከፈት

መነኩሴው ወሬውን ለካናሜ ኦጊሶ የነገሩት እሱ መቃብር ላይ አጎንብሶ አረም ሲነቅል ነው። የሚነቅለው የራሱን ቤተሰብ መቃብር አረም አልነበረም። የእናቱን ድንጋይ አጥቦ ከጨረሰ በኋላ፣ እንደ ልማዱ፣ ግራና ቀኙን አይቶ ወደ ጎረቤቱ መቃብር ተሻግሮ ነበር። እናቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በነዚህ ሦስት ዓመታት የሃማታኒዎችን መቃብር ማን እንደሚያጸዳው የጠየቀ አልነበረም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም።

«ከእንግዲህ አትድከም» አሉት መነኩሴው ከኋላው ቆመው። «ሃማታኒዎች መቃብሩን ሊዘጉት ነው።»

የቀረውንም ነገሩት። ናጎያ የሚኖረው ልጃቸው ዩዙሩ፣ ለሙታን በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት ይመጣል። ጸሎት ይደረጋል፤ የወላጆቹና የአያቶቹ አጥንት ወጥቶ ናጎያ አንድ ሕንፃ ውስጥ ወዳለ የአጥንት ማረፊያ ይሄዳል፤ ድንጋዩን ሠራተኞች ያነሱታል። ሂሚ በምትባለው በዚህች የጃፓን የወደብ ከተማ እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አልነበረም። በዚያ ዓመት ብቻ ይኼ ስድስተኛው ነው።

ካናሜ ልጁ ከዚያ በኋላ ወደ ሂሚ ይመጣ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ምን ሊሠራ? ቤቱ ፈርሷል፣ ዘመድ የለው። ታውቀዋለህ እንዴ?»

«አብረን ተምረናል» አለ ካናሜ።

ቤቱ እንደገባ እጁን በቅጡ ሳይታጠብ ፎቅ ወጥቶ መሳቢያውን ከፈተ። ካሴቱ እዚያው ነበር፤ ግራጫ፣ መዳፍ የሚያክል የጌም ካሴት። ጀርባው ላይ በማይለቅ ማርከር «ሃማታኒ» ተብሎ ተጽፎበታል። በዚያን ጊዜ ልጆች ካሴት ሲዋዋሱ ስለሚጠፋፋ ሁሉም ስሙን ይጽፍበት ነበር።

ሁለቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳሉ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ዩዙሩ ቤት ቁጭ ብለው የሚጫወቱት አንድ የጦርነት ጨዋታ ነበር። ወታደሮቹን ልክ እንደ ቼዝ በየተራ ከካሬ ወደ ካሬ እያንቀሳቀሱ ያዋጓቸዋል። ወታደሩ በሠራ ቁጥር ልምድ ያጠራቅማል፤ ልምዱ ሲሞላ ደረጃው ያድጋል፤ በያዘው ሙያ ደረጃው ከፍ ሲል ሌላ ሙያ ይከፈትለታል። ተራው እግረኛ ቀስተኛ ይሆናል፣ ወይም ፈዋሽ፣ ወይም ፈረሰኛ። ከሁሉም መጨረሻ ላይ ኮከብ ቆጣሪ የሚባል የተዘጋ ሙያ አለ። እሱ የሚከፈተው ቀስተኝነትንም ፈዋሽነትንም እስከ ጫፍ ለተማረ ወታደር ብቻ ነው። ለወታደሮቹ የክፍላቸውን ልጆች ስም ያወጣላቸው ዩዙሩ ነበር። መሪው ራሱ ዩዙሩ ነው። ካናሜ የሚባለው ወታደር ግን ቀጭን ነው፤ አንዴ ሲመቱት ይወድቃል። «የጌሙ ሠሪዎች አንተን አይተው ነው የሠሩት» እያለ ዩዙሩ ይስቅበት ነበር።

የዩዙሩ አባት ሥራ ተዛውረው ቤተሰቡ ወደ ናጎያ ሲሄድ፣ ዩዙሩ ባቡር ጣቢያው ላይ ካሴቱን ሰጠው። ካናሜ የሚባለውን ወታደር ኮከብ ቆጣሪ እንዲያደርገው፣ ሳይከፍት እንዳይመልስለት አስጠነቀቀው።

አምስት ዓመት ያህል ለአዲስ ዓመት ካርድ ይላላኩ ነበር። ካናሜ ከመልካም ምኞቱ በታች ሁልጊዜ «ገና አልተከፈተም» ብሎ ይጽፋል፤ ዩዙሩ «ሰነፍ» ብሎ ይመልሳል። በስድስተኛው ዓመት የካናሜ አባት ሞተ። ሐዘን ላይ ያለ ቤት የአዲስ ዓመት ካርድ አይልክም፤ እንዳይላክለትም ቀደም ብሎ ያሳውቃል። ካናሜም አሳወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ማን ቀድሞ መጻፍ እንዳለበት ግልጽ አልነበረም። ካናሜ የዩዙሩን ጠበቀ፤ ምናልባት ዩዙሩም የእሱን ጠብቆ ይሆናል። ጠብ አልነበረም። እንዲሁ ቀረ።

ካሴቱንም መጀመሪያ ለፈተና ብሎ አስቀመጠው፣ ከዚያ ሥራ ያዘ፣ ከዚያ እናቱ ታመመች። በየጥቂት ዓመቱ አውጥቶ ትንሽ ተጫውቶ መልሶ ያስገባዋል። ከከፈተው መመለስ ግድ ነው፤ ከመለሰው ደግሞ ከዩዙሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር አይኖርም። ይህን ለራሱ እንኳ በግልጽ ብሎት አያውቅም።

አሁን ግን አምስት ሳምንት ብቻ ቀረው። ዩዙሩ መጥቶ ሲሄድ ባዶ እጁን ሊሸኘው አልፈለገም።

የቀድሞው ጨዋታ እንዳለ ነበር። የተጫወቱትን የምታስታውሰው በካሴቱ ሆድ ውስጥ ያለች፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ናት። ሃያ ዓመት ከቆየች ብዙ ቆየች ይባላል፤ ይቺ ሃያ ስምንት ሞልቷታል። እንዳይቀይራት፣ ስትወጣ የያዘችውን ሁሉ ይዛ ነው የምትሄደው።

ካናሜ የሚሠራው የተፈጨ ዓሣ በባሕር ቅጠል ጠቅልሎ በእንፋሎት የሚያበስል ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከንጋት በፊት ይገባል፣ እኩለ ቀን ላይ ይወጣል። ምሳውን ቁጭ ብሎ መብላት ተወ፤ የሩዝ ድቡልቡል በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ይጫወታል።

ደረጃ ለማሳደግ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ አለ። ጠላትን በሙሉ ትገድልና አንዱን ብቻ በአስማት እንቁራሪት አድርገህ ትተወዋለህ። እንቁራሪቷ በሕይወት እስካለች ጦርነቱ አያልቅም፤ ጥግ ላይ ትዘላለች እንጂ ማንንም አትጎዳም። ያን ጊዜ የራስህ ወታደሮች እርስ በርሳቸው ድንጋይ ይወራወራሉ፣ ከዚያ ይፈዋወሳሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ ልምድ ነው፣ እያንዳንዱ ፈውስም ልምድ ነው።

ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በመስኮቱ የወደቡ ወፎች ጩኸት እየገባ፣ የስምንተኛ ክፍል ልጆች አረንጓዴ ኮረብታ ላይ ቆመው ድንጋይ ይወራወሩ ነበር። ኖዶካ ካንጂን ትመታዋለች። ካናሜ ካንጂን ይፈውሰዋል። ኖዶካ ኦሳካ ውስጥ ጥርስ ሐኪም መሆኗን ሰምቷል። የካንጂን ወሬ አያውቅም። ሹንጎ የሚባለው ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በሞተር ሳይክል ሞቷል፤ እሱን ካናሜ ከዛፍ ሥር ያቆመዋል እንጂ አያስወረውረውም፣ አያስመታውምም።

ፋብሪካ ውስጥ ከማምረቻ መስመሩ ማዶ ፊት ለፊቱ የምትቆመው ወይዘሮ ናጋሚኔ የአውራ ጣቱን ማበጥ አየችበት። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ቆመዋል፤ የሚነጋገሩት ስለ አየር ጠባይና ስለ እግር ሕመም ነው። ጌም ነው ሲላት ሳቀች።

«በዚህ ዕድሜህ? ሚስት ብትፈልግ አይሻልህም?»

«ሚስት በስንት ደረጃ እንደምትከፈት አላውቅም፣ እትዬ።»

«አንተ እንኳን አርባ ደረጃ አልፈሃል፤ ቁልፉ ሳይዝግ አይቀርም» አለችው። ከዚያ ዓሣውን የሚያጓጉዘው የማሽን ቀበቶ ተነሳና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በሦስተኛው ሳምንት ቀስተኝነት ሞላ። ፈዋሽነት ይዘገያል፤ የተጎዳ ሰው ይፈልጋል። ሐሙስ ዕለት ጨዋታውን መዝግቦ ሲያጠፋ አንድ ደረጃ ብቻ ቀርቶት ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ሲል ሥራው የግማሽ ሰዓት እንኳ አልነበረም።

እንቁራሪቷን ጥግ አስያዘ። ኖዶካና ካንጂ ሩቅ ስለነበሩ፣ ቅርብ ያለውን መሪውን ዩዙሩን መትቶ ሊፈውሰው አሰበ። ወታደሩ ካናሜ ድንጋይ ወረወረ። ዩዙሩ ዞረና በሰይፉ መታው። ካናሜ ወደቀ።

ካናሜ ጆይስቲኩን ይዞ ቀረ። ለመጨረሻው ውጊያ ብሎ ለዩዙሩ አጸፋ የሚባለውን ችሎታ አልብሶት ነበር፤ የነካውን ሁሉ ሳይታዘዝ የሚመታበት። ድንጋይ መወራወር ከመጀመሩ በፊት ያን ማውለቅ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከወደቀው ወታደር ራስ በላይ ሦስት ቁጥር ታየ። በሦስት ዙር ውስጥ ካልተነሳ ለዘላለም ይጠፋል። የሚያነሳው ፈዋሽ ነው፤ ፈዋሹ ደግሞ የወደቀው ራሱ ነው። ሌላ ፈዋሽ አላሠለጠነም፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ሁሉንም ልምድ የሰጠው ለአንዱ ነበር። አንድ መንገድ ቀረው፤ እንቁራሪቷ ከተገደለች ጦርነቱ ያበቃል፣ የወደቀውም ይተርፋል። ካንጂን ፈረሱን አስጋለበው። ሁለት። እንደገና አስጋለበው። አንድ። ካንጂ እንቁራሪቷ ጋ ሊደርስ አንድ ካሬ ሲቀረው ተራው አለቀ፤ የወደቀው ወታደር ጠፋ።

ካናሜ አልደነገጠም። የሐሙሱ መዝገብ አለ፤ የሚጠፋው የዛሬው ብቻ ነው። ማጫወቻውን አጠፋ፣ መልሶ አበራ። ሙዚቃው እንደ ወትሮው ጀመረ። መዝገቡ ሦስት መስመር ነበረው፤ ሦስቱም ባዶ።

አውጥቶ በልጅነታቸው እንደሚያደርጉት በካሴቱ አፍ ነፋበት። ባዶ። ሸሚዙን አውልቆ በጠርዙ ጠራረገው፤ አሁንም ባዶ። ወጥቶ ከገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ሰበሰበ፣ አጣጠፈ፣ ተመልሶ ሌላ አንድ ጊዜ ሞከረ።

እሁድ ዩዙሩ ብቻውን መጣ። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ሳስቷል፣ በዚያ ሙቀት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል። ካናሜ ጸሎቱ እስኪያልቅ ከእናቱ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። መነኩሴው ወደ እሱ እየጠቆሙ መቃብሩን ሲያጸዳ የኖረው ይኼ ነው ሲሉ፣ ዩዙሩ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሳው።

«እርስዎ ነዎት? እንዴት ብዬ ላመስግንዎት...»

ካናሜ «አንተ» ይበለው «እርስዎ» ግራ ገብቶት ካሴቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። ዩዙሩ ጀርባው ላይ ያለውን የራሱን የልጅነት እጅ ጽሑፍ ረጅም ጊዜ አየው።

«ካናሜ? አንተ፣ ይኼን እስካሁን?» አለ። ካሴቱን አገላብጦ ደግሞ፣ «ተከፈተ?»

ካናሜ ሁለት ቀን ሙሉ ተከፍቷል ብሎ ሊዋሽ ሲለማመድ ነበር የከረመው።

«አልተከፈተም። አንድ ደረጃ ሲቀረኝ ገደልከኝ።»

«እኔ?»

«አጸፋውን ሳላወልቅልህ ድንጋይ ወረወርኩብህ።»

ዩዙሩ በተከፈተው መቃብር አጠገብ ቆሞ ሳቀ። ድንጋዩን የሚያነሱት ሠራተኞች ዞረው አዩት። «አጸፋውን ሳያወልቅ!» አለ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ፤ «አይ ካናሜ፣ አሁንም ደደብ ነህ።» ካናሜም ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጮክ ብሎ እንደሳቀ ራሱም አያውቅም።

ከዚያ ዩዙሩ ሰዓቱን አየ። ካሴቱን መልሶ በካናሜ እጅ ላይ አኖረው።

«እንግዲያው ገና ነው። ስትከፍተው ትመልስልኛለህ።»

የሰባት ሰዓቱን ባቡር ሊይዝ አራቱን የአጥንት ማሰሮዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ታክሲ ውስጥ ገባ። አድራሻውን አልሰጠም፤ ካናሜም አልጠየቀም። ስለ ባትሪውም ሆነ የክፍላቸው ልጆች በሙሉ ከጨዋታው ስለመጥፋታቸው አልነገረውም። ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ዩዙሩ ያደረገው ደግነት ይሁን፣ ወይስ በዚያ ሁሉ ሸክም ላይ አሮጌ ካሴት መጨመር ስላልፈለገ፣ ደጋግሞ አሰበበት። ሊለየው አልቻለም።

በሳምንቱ ከጣቢያው ጀርባ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ባትሪዋን በአሥር ደቂቃ ቀየረለት። ካናሜ አበራውና አዲስ ጨዋታ ጀመረ። ጌሙ በመጀመሪያ የመሪውን ስም ጠየቀ። ባዶው ቦታ ላይ አንዲት መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች።

ስም የሚያወጣው ዩዙሩ ነበር። ካናሜ የክፍሉን ልጆች ሊያስታውስ ሞከረና ሰባት ላይ ቆመ። ቀጥሎ የፋብሪካውን ሰዎች አሰበ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉንም የሚያውቃቸው ቆባቸው ላይ በተጻፈው የቤተሰብ ስም ነው። የአንዳቸውንም የራስ ስም አያውቅም። መስመሯ ብልጭ ድርግም እያለች አጠፋው።

በማግሥቱ ሥራ ላይ፣ ቀበቶው ገና ሳይንቀሳቀስ፣ የወይዘሮ ናጋሚኔን የራስ ስም ጠየቃት።

«አሥራ አንድ ዓመት ቆይተህ ዛሬ?» አለችው። «ለምንህ ነው?»

«ለጌም ነው።»

ጓንቷን አጠለቀች፣ እጅጌዋን አስተካከለች።

«ቺጉሳ» አለች በመጨረሻ። «ቶሎ የምትሞት እንዳታደርገኝ።»

«ፈዋሽ ነው የማደርግዎት። አንድ ፈዋሽ አይበቃም።»

ቀበቶው ተነሳ። የመጀመሪያው ጥቅል እንፋሎቱን እየለቀቀ በመሃላቸው አለፈ፣ ሁለተኛውም ተከተለ።