ጠዋት ጠዋት የምታቃስተው መኪና

ንዮካቢ ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ እንደ በሽተኛ አቃሰተች። «እህ… እህ… እ…» አለችና ጸጥ። የሐምሌ ጉም የኬንያዋን ሊሙሩን ሸፍኖታል። ከኋላ የተጫነው ጎመንና ካሮት ገበያ መድረስ የነበረበት ገና ጎህ ሲቀድ ነው።

«ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ!» ብላ መሪውን በጥፊ መታችው።

ሻይ ቅጠል ለቀማ የሚወርዱ ሴቶች ቅርጫታቸውን አስቀምጠው መጡ። ይህን ሥራ ለምደውታል። «ነገ አህያ እንጠምድላት ይሆን?» አለች አንዷ፣ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ። ሌሎቹ ሳቁ። ንዮካቢ አልሳቀችም። እየተገፋች ቁልቁለቱን ስትያያዝ መኪናዋ አንዴ አስነጠሰችና ተነሳች።

ሙዜ ምቡጓ፣ የባሏ አባት፣ ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የሻይ ኩባያ እንደያዙ ከበራፍ ይመለከቱ ነበር። ሽማግሌው በጉልምስናቸው ከናይሮቢ ኒያሁሩሩ አውቶቡስ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ልጆቻቸው ተማክረው መንጃ ፈቃዳቸውን ወሰዱባቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከንዮካቢ ጋር ነው። ስለ መኪና ስትጠይቃቸው ግን መልሳቸው በየቀኑ ይለያይባታል።

«ቤንዚኑ ነው፤ ውሃ ቀላቅለውበት ይሆናል» ይላሉ አንድ ቀን። በማግስቱ ደግሞ «ብርዱ ነው፣ ልጄ። መኪናም እንደ ሰው ይበርደዋል።»

ባሏ ንዴሪቱ ሞምባሳ ወደብ ነው የሚሠራው። ስልክ ደውላ ስትነግረው «እኔ ስነዳት እንዲህ አትሆንም ነበር» አላት። ሳትሰናበተው ዘጋችበት።

መካኒኩ ካማንዴ የባትሪውን ጫፍ አጸዳ። በሌላ ጊዜ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርዶ ካርቦኑን ቀየረ። ደግሞ ዲናሞውን ፈተሸ። መኪናዋ ግን ለአንድ ጠዋት ደህና ትሆንና ወደ ማቃሰቷ ትመለሳለች።

«ባትሪሽ አልሞተም፣ እህቴ፤ ባዶ ነው» አላት መጨረሻ ላይ። «አንቺ የምትነጂው እዚህና እዚያ ስለሆነ ዲናሞው በደንብ አይሞላውም። ግን ሌላም የሚበላው ነገር አለ።»

«ምንድን ነው የሚበላው?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ያን ቀን ጠዋት ዘወትር ጎመኗን የሚወስድላት የሆቴል ምግብ አብሳይ «አንቺን ስጠብቅ ምሳ ሊያልፍብኝ ነው» ብሎ ከጎረቤቷ ገዝቶ ሄዶባታል። ንዴቷ ገና አልበረደላትም ነበር።

«የሚበላው አንተ ነህ!» ብላ ጮኸች። «ስትፈታ ስትገጥም እኔን ነው የምትበላኝ፣ ሌባ!»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩ። ካማንዴ እጁን በጨርቅ ጠረገና ኮፈኑን በቀስታ ዘጋው። «ሂጂ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

መሄዱ ግን ቀላል አልነበረም። መኪናዋ እምቢ አለች። ካማንዴና ሠራተኞቹ ገፍተው አስነሱላት። ንዮካቢ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ቤት ደርሳ መኪናዋን አቆመች፣ ቁልፉን ወጥ ቤት ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና እንደ ልማዷ ለነገው ገበያ ጎመን ልትቆርጥ ወደ ማሳው ወረደች። ማሳው ከሸለቆው ማዶ ስለሆነ ከመምሸቱ በፊት አትመለስም። ዛሬ ግን ዝናቡ ሳታስበው ወረደባት። ግማሽ ጆንያ ተሸክማ እየተንሸራተተች ተመለሰች።

ወደ ግቢው ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የመኪናዋን መብራት ነው። የፊት መብራቱ በጉሙ ውስጥ ቦግ ብሏል። የዝናብ መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይላል። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል። ሞተሩ ግን ድምፅ የለውም።

መሪው ላይ ሙዜ ምቡጓ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ደፍተዋል። ፍሪሲዮን ረገጡ፣ ማርሽ ቀየሩ፣ አንገታቸውን አስግገው መስታወቱን አዩ፤ ከዚያ መሪውን በዝግታ ወደ ግራ ሳብ አደረጉ። ሬዲዮው በለሆሳስ ያወራል። ፊታቸው ላይ ንዮካቢ አይታው የማታውቀው እርጋታ ነበር።

ጆንያውን ጣለችና መስኮቱን ደበደበች። «አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

ሽማግሌው ደነገጡ። መጀመሪያ እጃቸው የሄደው ወደ መብራቱ ነው፤ ጠፋ። ከዚያ መጥረጊያው፣ ከዚያ ሬዲዮው። ንዮካቢ የገባት ያኔ ነው። ባትሪውን የሚበላው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ድሮም ያውቁ ነበር።

«ዝናብ ነው፤ ግቢ» አሏት።

«ቤንዚኑ ነው ሲሉኝ! ብርዱ ነው ሲሉኝ!»

«ብርዱም እኮ አለበት…»

«ሰውዬውን ሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ፣ አባባ! ደንበኛዬን አጥቻለሁ! ሬዲዮው ይሁን ግድ የለም፣ መብራቱን ምን አስበራዎት?»

ሙዜ ምቡጓ በመስታወቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። «በዚህ ጉም» አሉ ዝግ ብለው፣ «ያለ መብራት እንዴት ይነዳል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ንዮካቢ በላያቸው ላይ እጇን አስገብታ ቁልፉን ነቀለችና፣ ጎመኑን ዝናብ ላይ ትታ ገባች። ድስቱንም ክዳኑንም እያንጓጓች እራት ሠራች። ሽማግሌው ጊዜሪያቸውን፣ የበቆሎና የባቄላ ቅቅሉን፣ ክፍላቸው ወስደው ብቻቸውን በሉ።

በነጋታው ካማንዴ ዘንድ ስትሄድ ቀና ብሎም አላያት። የሆነውን ስትነግረው ግን ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን አፈነ። «ስትሰድቢኝ ሁሉም ሰምቷል» አላት። «ይቅርታውንም ይስሙት። ጮክ በይ።» ጮክ አለች። ጆሮዋ ድረስ እየጋላት፣ ለሥራ የመጣው ሁሉ እያያት፣ «ሌባ አይደለህም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። ባትሪውን ሞላላት።

በማግስቱ ቁልፉን ገና ነካ ስታደርገው ሞተሩ ተነሳ። ደስ ሊላት ሲገባ ዓይኗ ወደ በራፉ ሄደ። ሙዜ ምቡጓ ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን አድርገው ቆመዋል፤ ዶሮዎቹን የሚያዩ መስለው። ቁልፉ እሷ መቀነት ውስጥ ከገባ ወዲህ ከእሷ ጋር አልተነጋገሩም።

ለቅቃ ልትሄድ ነበር። እግሯ ግን ፍሬኑን ረገጠ። «ይግቡ እንግዲህ!» አለች፣ እንደ ቁጣ አድርጋ። «ገበያ ደርሰን እንመለሳለን። እንዳይነኩ ግን፣ ምንም ነገር!»

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ እስኪጠሩ አልጠበቁም። ከጎኗ ተቀመጡና በሩን በአንድ እጅ ገጭ አድርገው ዘጉት።

ዋናው መንገድ ላይ እንኳ ሳይደርሱ ጀመሩ። «ሁለተኛ አድርጊ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ካወቅሽ አድርጊያ። ሞተሩ እየጮኸ ነው፣ አይሰማሽም? መስታወት እይ። ኧረ ፍሪሲዮኑን አቃጠልሽው! ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ልጅዎ!»

«እሱማ መቼ ችሎ!»

ንዮካቢ ጥርሷን ነከሰች። ገበያው ገና ሩቅ ነበር።