አምስተኛው ብልቃጥ

እናቴ ማሽተት እንዳቆመች ያወቅነው በምስር ሾርባ ነው። እሑድ ቀን ነበር። ሾርባው ከድስቱ ሥር አርሮ ሽታው ገና ከበር ተቀበለን። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ትኩስ በሶብላ ከላይ በትና ሳህኖቹን እየሞላች፣ "ብሉ እንጂ፣ ምን ትተያያላችሁ?" አለች። ወንድሜ አንድ ማንኪያ ቀመሰና ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ ሳህኔን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ዛሬ ሳስበው የመጀመሪያው የሐሰት ውጤት የእኔ ነበር።

ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ብርቱ ጉንፋን ይዟት ነበር። ጉንፋኑ ሲሄድ የማሽተት ችሎታዋን ይዞባት ሄደ፤ ለማንም አልተናገረችም። በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን የሒሳብ መምህር በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ጋዝ ሸተታቸው። በሩን ገፍተው ገብተው ምድጃውን ዘጉት። እናቴ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቃ ካሮት ትፍቅ ነበር።

ወንድሜ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። ቤት ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ቤቱ እንዴት እንደሚቃጠል ነው።

"እኔ ጋ ትገባለች፤ አለቀ" አለ።

የእሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ልጆቹም ይወዷታል። በረንዳው ግን አንድ ወንበር እንኳን በቅጡ አይይዝም። እናቴ ወደ ጓሮ ወጣች። ጓሮው በእኔ እርምጃ ስድስት በአራት ነው። ግድግዳው ሥር የጥብስ ቅጠሉ ከወገቤ በላይ አድጓል። ጦስኙ በዘይት ቆርቆሮዎች ተደርድሯል። በቧንቧው ሥር፣ ሁልጊዜ በሚንጠባጠበው ውኃ፣ አባቴ ወደዚህ ቤት በገባን ዓመት የተከለው ናና አለ። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እናቴ ናናው ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች፤ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

"ስድስት ሳምንት ስጠኝ፣ ጋሼ" አልኩት።

"ስድስት ሳምንት ምን ልታደርጊ?"

"ሐኪሙ አንዳንድ ሰው በየቀኑ ተመሳሳይ ሽታ እየደጋገመ ሲያሸት ይመለስለታል ብሏል።"

"አንዳንድ ሰው" አለ። ቢሆንም ሰጠኝ።

የምሠራው የውኃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዬ ግማሹ በመሣሪያ፣ ግማሹ በአፍንጫ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሆነን ተቀምጠን ውኃ እናሸታለን፣ የሸተተንን እንጽፋለን። ስለዚህ ነገሩን በደንቡ ያዝኩት። አራት እኩል የመድኃኒት ብልቃጦች አጥቤ አደረቅሁ። በአንዱ ድንብላል፣ በአንዱ ደረቅ የጥብስ ቅጠል፣ በአንዱ የደቀቀ ጦስኝ፣ በአንዱ ትኩስ ናና ጨመርኩ። ውስጣቸው እንዳይታይ በወረቀት ጠቀለልኳቸው። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እናቴ ቤት ሄጄ ዓይኗን በሻርፕ አስራለሁ፤ ብልቃጦቹን ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየርኩ አንድ በአንድ እሰጣታለሁ።

"ለመረሸን ነው የምታስሪኝ?" ትለኛለች።

"አትሳቂ፣ ትንፋሽሽ ይረበሻል።"

"እሺ፣ ዶክተር።"

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ከአራት አንዱን አገኘች፤ ያ በግምትም ይገኛል። በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ አራቱንም አወቀች፤ ዓርብም ደገመችው። ብልቃጡን ትቀበላለች፣ "ሽታው ይነሣ" ብላ ቀስ አድርጋ ትነቀንቀዋለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትስባለች፣ ትናገራለች። ያን ዓርብ በደስታ አውቶቡሴን አሳለፍኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሳምንቱን ናሙናዎች ሳዘጋጅ፣ እጄ ሳላዝዘው አንዱን ጠርሙስ በንጹሕ ውኃ ሞላው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው። ምንም የሌለበት አንድ ጠርሙስ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል፤ የሌለውን ሽታ የሚያሸት ሰው ካለ እንዲታወቅ። ቆሜ አሰብኩ። ሃያ ዓመት ሳልረሳ የሠራሁትን ነገር በእናቴ ላይ ለምን ረሳሁት? መልሱ ከባድ አልነበረም። ውጤቱን ፈልጌው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አምስት ብልቃጥ ይዤ መጣሁ። አምስተኛው ባዶ ነበር።

መጀመሪያ እሱን ሰጠኋት። ነቀነቀችው። ከፈተችው። ከሌሎቹ ቀኖች ሁሉ አስረዝማ፣ ትከሻዋ እስኪነሣ ድረስ ሳበችው።

"ናና።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ናና እንዴት ይጠፋኛል?" ከሻርፑ በታች ከንፈሯ ፈገግ አለ። "አባትሽ ከሥራ ሲመጣ ቧንቧው ጋ እጁን ይታጠብ የለ? ረግጦት ነው የሚገባው። ሳሎኑ ሁሉ ናና ናና ይላል። 'ጫማህን አውልቅ' ስለው፣ 'ሽቶ ተቀብቼ ብመጣ ምን ልትይ ነው?' ይለኛል። እሱ ነው ይሄ። እርጥብ፣ ትንሽ ጭቃ ያለበት።" እንደገና ሳበችው። "እሱ ነው።"

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። እንደምንም ብዬ እውነተኛውን ናና አቀበልኳት። ነቀነቀችው፤ እጇ ቆመ። እንደገና ነቀነቀችው።

"ይሄስ?" አልኳት።

ሻርፑን ራሷ ፈታችው። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከወረቀቱ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው።

"ባዶ ነው" አለች።

"ባዶ ነው።"

"እናቷን በወጥመድ የምትይዝ ልጅ!"

"ልጇን አምስት ሳምንት የምታታልል እናትስ?"

"ምን ላድርግ? ድንብላሉ ይንኳኳል። የጥብስ ቅጠሉ ይፋጫል። ጦስኙ እንደ አሸዋ ነው። ናናው ዝም ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ሰውን በትንፋሹ ስትለይ ለኖረች ሴት እንዲህ ያለ ፈተና አውጥተሽ፣ ደግሞ ተምሬያለሁ ትያለሽ!"

ሳቅን። እውነት ነው፤ ብልቃጦቹን በወረቀት ስጠቀልል ዓይኗን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ብዙ ሳቅን። ከዚያ እሷ ቀድማ አቆመች።

"ምንም አይሸተኝም፣ ልጄ። ወረቀት ወረቀት ይላል እንኳን አልልሽም፤ ወረቀትም ሽታ አለው። ግን ጓሮው ውስጥ ስቆም የቱ ሽታ የት ጋ እንደነበረ አውቃለሁ። እዚህ ጋ ጦስኙ፣ እዚያ ጋ አባትሽ። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ምኑን ላስታውስ?"

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ለወንድምሽ አራት ከአራት በይው።"

"አልችልም።"

"ለእናትሽ ብለሽ?"

"ለእናቴ ብዬ ነው። ጋዙስ?"

"ጋዝ እሰማዋለሁ። ሲወጣ ይተነፍሳል።"

"ያን ዕለት ለምን አልሰማሽውም?"

ወደ ማጠቢያው አየች። "ውኃው ተከፍቶ ነበር" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ወንድሜ እሑድ መጣ። እናቴ ከቅዳሜ ጀምሮ የነከረችውን ገብስ በቀይ ሥርና በካሮት ቀቅላ፣ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት አሽታ፣ እርጎው ላይ ናና ከትፋ አቅርባ ነበር። ጨውና ቅመሙን የቀመስኩላት እኔ ነኝ። ከምሳ በፊት ወረቀቶቹን ሰጠሁት። የአምስቱን ሳምንት ውጤት በሙሉ ሰርዤ፣ ምክንያቱን ከሥር ጽፌበታለሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እንግዲህ ምን ቀረ?" አለ። "እማዬ፣ ዕቃሽን እናዘጋጅ።"

"ቆይ" አልኩት። "አንተ ቤት ስትገምት አደጋው የቱ ጋ እንዳለ አይደል የምትጽፈው? እዚህ ቤት አደጋው የቱ ነው?"

"የጋዙ ሲሊንደር።"

"ጓሮውስ?"

ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። ዓርብ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከነካርቶኑ በር ሥር ነበር። እሱም ሲገባ አይቶታል፤ አልጠየቀም።

"ቢያርርባትስ?"

"ያርራል" አለች እናቴ። "ሰዓት እሞላለሁ። ወተቱን መምህሩ ያሸቱልኛል፤ ሥራ ፈተዋል። ደግሞ እኔን አራተኛ ፎቅ ከምታወጣኝ ሲሊንደሩን አውጣው። እሱ ጉልበቱን አያመውም።"

ወንድሜ ላለመሳቅ ታገለ፣ አልቻለም። በላ፣ ደገመ። ሲጨርስ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሲሊንደሩን ፈታ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ጭኖት የመኪናውን የኋላ በር ሲዘጋ አየሁት፤ መሪውን ይዞ ሳያስነሣ ትንሽ ተቀመጠ።

ስድስቱ ሳምንት አለፈ፤ ከዚያም ሌላ ስድስት። ሽታው አልተመለሰም። ብልቃጦቹን ግን አላነሣንም። አሁን ሁሉም ውስጥ ጥጥ አለ፤ አንዱም አይንኳኳም። ወረቀቴ ላይ በየቀኑ የምጽፈው ያው 'አልሸተታትም' ነው። አንዳንድ ቀን ናና ቅጠል ታኝክና፣ "አፌ ቀዘቀዘ፤ ደጃፉ ድረስ መጥቶ አልገባ አለኝ" ትላለች። "ምን ምን ይላል? ንገሪኝ" ስትለኝ የሥራ ቃሎቼን እፈልጋለሁ፦ ሣር፣ አፈር፣ ክሎሪን። ለናና የሚሆን የለኝም።

ትናንት ጠዋት ዘንቦ ነበር። በጓሮ በር ገባሁና ቧንቧው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ሆን ብዬ ናናው ላይ ወጣሁ፤ በሁለት እግሬ፣ አጥብቄ ረገጥኩት። ሽታው እስከ ፊቴ ተነሣ። በዚያው ጫማ ሳሎን ገባሁ።

"ጫማሽን አውልቂ!" አለች እናቴ ከወጥ ቤት።

ያለሁበት ደርቄ ቀረሁ። "ሸተተሽ?"

ቢላዋው መክተፉን አቆመ።

"ስትረግጪው ሰማሁሽ" አለች።

ጫማዬን አላወለቅሁም። እሷም ደግማ አውልቂ አላለችኝም።