ኮንትሮሉ ምን አለ?

የሴትየዋ ሙያ ማየት ነበር። በጤና ጣቢያው ምድር ቤት፣ መስኮቱ የመንገደኛ እግር ብቻ በሚያሳይ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሰው ደምና አክታ በማይክሮስኮፕ ትመረምራለች። ያላየችውን አትጽፍም፤ ያየችውንም ደግማ ሳታይ አትጽፍም። ሐኪሞቹ በር ላይ ቆመው ሲያጣድፏት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላቸውና ወደ መነጽሩ ትመለሳለች።

በየጠዋቱ፣ የበሽተኛ ናሙና ከመንካቷ በፊት፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ትመረምራለች። እሱ የሚጠበቀውን ካልሰጠ ወይ መሣሪያው ወይ ማቅለሚያው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የዚያን ቀን የሚወጣ ውጤት ሁሉ አይታመንም። በሥራ ቦታዋ ይህን ናሙና ኮንትሮል ይሉታል።

ልማዱ እቤት ድረስ ተከትሏታል። አምፖል ሲጠፋ ሌላ ልትገዛ አትሮጥም፤ የጠፋውን አውልቃ መብራት ባለበት ክፍል ሰክታ ታየዋለች። ልጇ «አተኮሰኝ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም» ያለች ቀን ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ በራሷ ብብት ታደርገዋለች። «ኮንትሮሉ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ የቤቱ ቀልድ ከሆነ ቆይቷል።

ልጅቷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከሲታና ቀልጣፋ በመሆኗ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድንቢጥ ይሏታል። እጇ እርሳስ ካገኘ ቤት ይሥላል፤ የሚያምር ቤት ሳይሆን በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ደረጃው የት ላይ እንደሚያርፍ የሚያሳይ ቤት። ትምህርት ቤቱ በኮምፒውተር ንድፍ የሚያስተምር ክፍል ሊከፍት ሲል ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ሆነች። መምህሩ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቆ ነበር፦ ሰኞ ላፕቶፕ ከነፕሮግራሙ ይዞ ያልተገኘ ተማሪ ወንበሩን ለተጠባባቂ ይለቃል። ተጠባባቂው ደግሞ ብዙ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እናትና ልጅ ወደ ኮምፒውተር መሸጫው ሄዱ። ሻጩ አፉ የማያርፍ፣ እጁ ግን ጠንቃቃ የሆነ ወጣት ነበር። በአቅማቸው ልክ ሁለት አቀረበላቸው፤ አንዱ አዲስና ስስ፣ ሌላው ቀድሞ ቢሮ ያገለገለ ወፍራም። እናትየው ማጉያ መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ማጠፊያውን ከፍታ ዘጋች፣ ብሎኖቹን አየች፣ የአየር ማስወጫውን አሸተተች።

«እናት፣ ሊበሉት ነው?» አለ ሻጩ።

«የተቃጠለ ነገር ሽታው አይጠፋም» አለችው። «ወፍራሙ ይሻላል። ምን ጉድለት አለበት?»

«ጉድለት የለበትም። ዊንዶውስ አይደለም የተጫነበት፣ ሊኑክስ የሚባል ነው። መልኩ ይለያል እንጂ የፈለገችውን ይሠራላታል። ቫይረስም ብዙ አያስቸግረውም።»

«ለምን?»

«የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ስለሆነ ቫይረስ ሠሪዎቹ አይደክሙበትም ይላሉ።»

መልሱ እውነት ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ምክንያት ያለው መልስ መሆኑ ግን ደስ አላት። ድንቢጥ በበኩሏ መምህሩ «ፕሮግራሙ ሊኑክስ ላይም ይሠራል» ማለቱን አስታወሰች። ተስማሙ። ሻጩ ልጅቷን ጠረጴዛው ጥግ አስቀምጦ የራሷን ፓስወርድ እንድታወጣ አደረገ፤ እናትየው ፊቷን አዙራ ቆመች። «ሲከፈት እንዳይጠይቅሽ አድርጌዋለሁ» አላት። «አዲስ ነገር ስትጭኚ ግን መጠየቁ አይቀርም፣ እንዳትረሺው።» ቀጥሎ ወደ እናትየው ዞረ። «ካልተስማማችሁ እስከ ቅዳሜ ማታ አምጡት፣ በስሱ እቀይርላችኋለሁ። ፈሳሽ የነካው ብቻ አይቀየርም። እሱን አደራ።»

አደራውን ሰምታለች። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ፣ ለማወቅ ያህል፣ የላቦራቶሪውን ኪቦርድ በጥጥ ጠርጋ የወጣውን በማይክሮስኮፕ አይታው ነበር። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ኪቦርድ በባዶ እጇ አትነካም። የማያውቁት ቢሮ ሙሉ ሰው ጣቱን ሲያሳርፍበት የኖረ ላፕቶፕ ለልጇ እንዲሁ ሊሰጣት አይችልም። አርብ ተረኛ ስላልነበረች ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች ላፕቶፑን አጠፋችው፣ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ጥጡን በአልኮል ነክራ፣ ጨምቃ፣ ቁልፎቹን በተራ ጠረገች። ጥጡ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ልክ መሆኗን አረጋገጠች። መጨረሻው ላይ በር ተንኳኳ። ቀና ስትል ጣቷ ያልጨመቀችውን ጥጥ ተጫነው፤ አንዲት ጠብታ «ቢ» በተባለው ፊደል ጠርዝ ተንከባልላ ወደ ውስጥ ገባች። ገልብጣ በፎጣ ላይ አቆየችው። አልኮል ይተናል አለች ለራሷ። ለልጇ ግን አልነገረቻትም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የእናትየው ታናሽ ወንድም መጣ። የታክሲ ሾፌር ነው፤ በስልኩ ኢንተርኔት ስላለ የንድፉን ፕሮግራም ለማውረድ ተጠርቷል።

«እትዬ፣ ይሄ ላፕቶፕ ነው የመኪና ባትሪ?» አለ ላፕቶፑን በእጁ እየመዘነ። ድንቢጥ ከፈተችው። «ደግሞ ያ የምናውቀው ስታርት የታለ? ሰው የሄደበትን መንገድ ትተሽ ጫካ ገባሽ።»

«አጎቴ፣ አንተ ኢንተርኔቱን ስጠኝ፤ ጫካውን እኔ አውቀዋለሁ።»

«ዳታዬ ሲያልቅ መንገድ ዳር ነው የምቀረው፣ ይታወቅልኝ።»

መምህሩ አሠራሩን ልኮ ነበር፤ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈቱ፣ ይህን መስመር ገልብጡበት፣ ፓስወርድ ሲጠይቅ ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ። ድንቢጥ መልእክቱን እዚያው ላፕቶፑ ላይ ከፍታ መስመሩን በማውዝ ገልብጣ ለጠፈችው። ጥቁሩ መስኮት ፓስወርድ ጠየቀ። ጻፈች።

ምንም አልታየም።

ደግማ ጻፈች። ብልጭ ድርግም የምትለው ትንሽ ሰረዝ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ፊደል የለም፣ ነጥብ የለም፣ ኮከብ የለም።

«አይጽፍም» አለች።

«ጠንከር አድርገሽ ንኪው» አለ አጎትየው። እሱም በአንድ ጣቱ እዚህም እዚያም መታ መታ አደረገ። «ሞቷል። ይሄ ኪቦርድ ሞቷል። እትዬ፣ ነገርኩሽ እኮ። ተነሱ፣ ሱቁ ሳይዘጋ ላድርሳችሁ። ያንን ስሱን ወስዳ ነገ ትጭንበታለች፣ ሰኞን ትደርሳለች።» የታክሲውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

ድንቢጥም ቻርጀሩን መጠቅለል ጀመረች። እናትየው ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ጠብታዋ ስትንከባለል አሁንም ትታያታለች። ሻጩ ሲረከብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄም ይሰማታል።

«ይሄ አይቀየርም» አለች በመጨረሻ። «ትናንት በአልኮል ጠርጌዋለሁ። አንድ ጠብታ ገብቶበታል።»

ድንቢጥ የቻርጀሩን ገመድ እንደያዘች ቀረች።

«ታዲያ ማን አየ?» አለ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልኮል አይደል? ደርቋል። ዝም ብለሽ ‹አልሠራ አለ› ትያለሽ፤ ውሸት አይደለም።»

«ፈሳሽ ነክቶታል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል።»

«‹አላየሁም› በይው።»

«አይቻለሁ እኮ።»

«ኧረ እትዬ፣ የልጅቷ ወንበር ነው! ለአንዲት ጠብታ?»

ያላየችውን አይቻለሁ ብላ የማታውቅ ሴት፣ ያየችውን አላየሁም ማለት እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም። የምታውቀው ይህን ብቻ ነበር፦ እውነቱን ከተናገረች ላፕቶፑ እጃቸው ላይ ይቀራል፤ ሌላ የሚገዙበትም ቀን ሩቅ ነው፤ ሰኞ ልጇ ባዶ እጇን ትሄዳለች። ልጇን ቀና ብላ አየቻት። እንድታለቅስ ወይም እንድትቆጣ ጠብቃ ነበር።

ድንቢጥ ከንፈሯን ነክሳ ላፕቶፑን ታያለች። «የት ላይ ነው የገባው?» አለች።

«ቢ ጋ። በቀኝ ጠርዙ።»

«ቢ ብቻ?»

«ቢ ብቻ። አይቼዋለሁ።»

«እና አንድ ጠብታ ሁሉንም ፊደል እንዴት ይገድላል?» ገመዱን አስቀመጠች። «ቆይ እስቲ። ኮንትሮሉ ምን አለ?»

አጎትየው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «ቁርጥ እናትሽን!»

ድንቢጥ ግን አልሰማችውም። ጥቁሩን መስኮት ወደ ጎን አድርጋ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፈተች፤ የተጻፈ ሁሉ እንደሚታይ የታወቀበት ገጽ። ከላይኛው ረድፍ ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነች። ፊደሎቹ ተራ በተራ ወጡ። ሁለተኛው ረድፍም ወጣ። ሦስተኛው ላይ ቢ ስትደርስ ቦታው ክፍት ሆነ። ደግማ ነካችው፤ የለም። ቀጥ አድርጋ ጠንከር ስትጫነው ብቅ አለ።

እናትየው ከልጇ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብላ ታይ ነበር። «እንደገና» አለች። እንደገና ወጣ። ጠንከር ሲሉት ይጽፋል፣ ለዘብ ሲሉት ይዘላል።

«ስለዚህ ኪቦርዱ አልሞተም» አለች ድንቢጥ። «ቢ ብቻ ናት የታመመችው። እዚህ ከጻፈ እዚያ የማይጽፈው መስኮቱ ነው።»

«መስኮቱ ተበላሽቷላ» አለ አጎትየው።

«ወይም ሆን ብሎ ይደብቃል። ፓስወርድ አይደል?»

«የባንክ ማሽን እንኳ ኮከብ ያሳያል!»

«ኮከብ ካሳየ ስንት ፊደል እንደሆነ ይታወቃላ» አለች እናትየው በዝግታ። ለራሷ የምታስረዳ ትመስል ነበር። «ይሄኛው ያንንም አላሳይም ያለ እንደሆነስ? ሰረዟ አለመንቀሳቀሷ አለመጻፉን አያሳይም። እኛ አላየንም፣ ያ ብቻ ነው።»

ድንቢጥ ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመለሰች። ቀድሞ የተነካካውን ሁሉ ትታ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ መስመሩን ገልብጣ ለጠፈች፤ ፓስወርድ ሲጠይቃት ጣቶቿን አነሳች፣ ከዚያ ቆመች።

«ፓስወርዴ ውስጥ ቢ አለች» አለች።

«ጠንከር በያት» አለች እናቷ።

ለስለስ ያሉ ጥቂት ድምፆች ተሰሙ፤ በመካከላቸው አንዲት ጠንካራ። ቀጥሎ ኢንተር። ለአፍታ ያህል ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ነጫጭ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይጎርፉ ጀመር፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ።

«ኧረ ዳታዬ!» አለ አጎትየው ስልኩን እያየ። ግን የታክሲውን ቁልፍ ወደ ኪሱ መልሶ ወንበር ሳበ።

ፕሮግራሙ ወርዶ እስኪጫን እናትየው ሻይ አፈላች። ድንቢጥ ለመምህሩ ጻፈችለት፤ ፓስወርድ ሲጻፍ ምንም እንደማይታይ ለሌሎቹም እንዲነግራቸው። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ለካ በዚህ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ኪቦርዳችን ተበላሸ እያሉ ሲደውሉልኝ የዋሉት። እኔማ ለምጄው ረስቼዋለሁ።» አጎትየው መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበና ሳቀ። «እነሱስ እሺ። እናታቸው ኪቦርዳቸውን አልኮል አላጠጣችባቸውም።»

«በቃ፣ ዕድሜ ልኬን ልትሰድበኝ ነው» አለች እህቱ።

«ዕድሜ ልክሽን አይደለም። ላፕቶፑ እስካለ።»

የንድፉ ፕሮግራም ሲከፈት ድንቢጥ አንድ መስመር አሰመረች፣ ቀጥላ ሌላ፣ ከዚያ አራቱን አገናኝታ ክፍል አደረገቻቸው። በር አበጀችለት። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ ብላ አሰበችና ወደ ውስጥ አደረገችው። አጎትየው «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሻዩን ጨርሶ ወደ ሥራው ሄደ።

የሱቁ መዝጊያ ሰዓት ደርሶ አለፈ። እናትየው ብርጭቆዎቹን እያጠበች ሳለ ልጇ መጥታ ከበሩ ተደገፈች።

«እማዬ፣ ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?»

«ይተናል ብዬ ነው።» ውሃውን ዘጋች። «ይተናል ብዬ ሳይሆን... ደስ ብሎሽ ስለነበር ነው።»

ድንቢጥ የብርጭቆ ማድረቂያውን ጨርቅ አነሳች። «ከእንግዲህ ስትጠርጊ ንገሪኝ። ጥጡን እኔ እጨምቃለሁ።»

«እሺ።»

«ደግሞ ፓስወርዴን አትገምቺ።»

«ምን ብዬ ልገምት?» አለች እናትየው። ጠንካራዋ ድምፅ ከመካከል በኩል መሆኗን ግን ጆሮዋ ይዞታል፤ ልጇ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትጠራበት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ቢ የት ላይ እንደምትውል ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም።

ሰኞ ድንቢጥ ወፍራሙን ላፕቶፕ በጀርባዋ አዝላ ሄደች፤ ወንበሯም አልተለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እናትየው ልብስ ስታጥፍ ከወዲያኛው ክፍል የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማታል፤ ቀለል፣ ቀለል፣ ቀለል፣ ከዚያ አንዷ ጠንከር። ያቺን ስትሰማ እጇ ለአፍታ ይቆማል፣ ፊደሏ መጻፏን በሚቀጥለው ድምፅ ታረጋግጣለች፣ ወደ ልብሱም ትመለሳለች።